የተዋጠው ስም

ዘመን የማይቈጠርለት አምላክ፣ ከአንደበት የወጣውንም በጉሮሮ የቀረውንም ቃል እኩል የሚሰማ፣ የዚህን ነገር መጀመሪያና ፍጻሜ እርሱ ያውቃል። እኛ የምንናገረው ሰው አይቶ የመሰከረውን ያህል ብቻ ነው።

በፊጂ ደሴቶች ሸንኮራ በሚቈረጥበት ወራት፣ የላባሳ ስኳር ፋብሪካ ጢስ ከወንዙ በላይ ተንሰራፍቶ በሚውልበት ሰሞን፣ ራም አውታር የተባለ፣ አባቶቹ ከሕንድ የመጡ የሰባ ሁለት ዓመት ገበሬ ሊሞት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሐኪሞቹ ሳንባው እንዳለቀለት አልሸሸጉትም፤ «ከዚህ ይልቅ የገዛ አልጋው ይሻለዋል» ብለው አሰናበቱት። ባለቤቱ ዳንማቲ በረንዳው ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት በኩል ዝቅ ያለ አልጋ ዘረጋችለት። ከበረንዳው ፊት በቀርከሃ ላይ የተሰቀለ ቀይ የጸሎት ሰንደቅ አለ፤ ከሰንደቁ ማዶ ሸንኮራ፣ ከሸንኮራው ማዶ ሰው የሌለባቸው ቤቶች።

ቤቶቹ ድሮ ባዶ አልነበሩም። የመሬቱ ኪራይ ዘመን ሲያልቅ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ የጣራቸውን ቆርቆሮ እየነቀሉ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሱቫ ሄዱ፤ የቻሉትም ባሕር ተሻገሩ። የዳንማቲ ልጅ ቪኔሽ ሲድኒ ገባ፤ ሴት ልጇ ሳሮጅ ኦክላንድ ተዳረች። ከዐሥራ አንዱ ቤት የቀሩት ሦስት ናቸው፦ አንዱ የእነርሱ፤ ሁለተኛው ሸንኮራ በመኪና የሚያመላልሰው የእስላሙ የሳዲቅ፤ ሦስተኛው ከጅረቱ ወዲያ የሎሳሊኒ። ሎሳሊኒ የአገሬው ተወላጅ፣ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የምትዘምር ባልቴት ናት።

ሰው ሳይበተን በፊት በየማክሰኞው፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ በራም አውታር ቤት ማኅበር ይቀመጥ ነበር። ራም አውታር ከበሮውን በጭኑ ላይ አጋድሞ ይመታል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። የሚጠራው ስም «ሲታ ራም» ነው። ራም አምላካቸው ነው፤ ሲታም የእርሱ ሚስት፣ እመቤታቸው። ይህን ስም ሺህ ጊዜ፣ ከዚያም ሺህ ጊዜ ይጠሩታል፤ ጉሮሮ እስኪደርቅ፣ ልብ እስኪረጥብ።

ዳንማቲ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ሙሽራ ሆና ወደዚህ ቤት በገባች በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ አማቷ ወደ ጓዳ ጠርታ አስጠነቀቀቻት።

«ዛሬ ማኅበር አለ። ዘምሪ፤ ሁለተኛውን ቃል ግን ዋጪው።»

«ለምን፣ እናቴ?»

«ያገባሽው ሰው ስሙ ማን ሆነና ነው? ሚስት የባሏን ስም በጠራች ቍጥር ከዕድሜው አንድ ቀን ትቀንሳለች።»

«ይህ እኮ የአምላክ ስም ነው።»

«አምላክ ሺህ ስም አለው፤ ልጄ ያለው አንድ ነፍስ ነው።»

ዳንማቲ ዋጠችው። በዚያ ሠፈር የባሏን ስም የምትጠራ ሚስት አልነበረችም፤ የሌሎቹ ባሎች ስም ግን ሌላ ስለ ነበረ በዝማሬው አልተቸገሩም። እርሷ ብቻ «ሲታ» ትልና ከንፈሯን ትገጥማለች፤ ደግሞ «ሲታ» ትልና ትገጥማለች። አጠገቧ የሚቀመጡት ሴቶች አወቁባት። «ዳንማቲ ስትዘምር ሲታ ባሏን አጥታ በየጫካው ትንከራተታለች!» እያሉ ይስቁባታል። አንዷማ «እንዲያው አንድ ቀን እንኳ አገናኚያቸው፤ ጽድቅ ነው» ብላት ነበር። ዳንማቲም አብራ ትስቃለች። በልቧ ግን እንዲህ ትላለች፦ የእናንተ ባሎች ሞቱ፤ የኔ ቆሟል።

እንዲህም ሆኖ አርባ ስድስት ዓመት አለፈ። ባሏን «የሳሮጅ አባት» እያለች ትጠራዋለች፤ ለብቻዋ ስትጸልይም አምላኳን በሌሎቹ ስሞቹ ትለምናለች። ባለፈው ወር ሆስፒታል ያስገባችው ዕለት እንኳ፣ መዝገብ የያዘችው ወጣት «የባለቤትዎ ስም?» ብትላት፣ ዳንማቲ ዙሪያዋን አይታ፦

«ሲታን ያገባው ጌታ አለ አይደል? እርሱ ከሰማይ ወደ ምድር ሲወርድ ምን ይባላል? እንዲያ ነው» አለቻት፤ «አውታር» በቋንቋቸው ወርዶ የተገለጠ ማለት ነው።

ወጣቷ ከሱቫ የመጣች ነበረችና ብዕሯን አስቀመጠች። «እማማ፣ በእንቆቅልሽ ከመጡብኝማ ‹ምን አውቅልሽ› ብዬ ነው የምጽፈው።»

ራም አውታር ከተጋደመበት ቃሬዛ ላይ እየሳለ፣ «ራም አውታር በይ፣ ልጄ። እርሷ ገና አልተዋወቀችኝም» አለ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ወደ ቤት በተመለሱ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ዳንማቲ ሻይ ይዛለት ቀረበች።

«የሳሮጅ አባት፣ ትንሽ ፉት ይበሉ።»

«አስቀምጪው። እዚህ ቁጭ በይ፤ የምነግርሽ አለ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ልጁ አይደርስም። በሰዓቱ ስሙን በጆሮዬ የምትጠሪልኝ አንቺ ነሽ።»

ዳንማቲ የሻይ ብርጭቆውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። በእነርሱ ዘንድ የሚሞት ሰው የመጨረሻ የሚሰማው የአምላኩን ስም እንዲሆን ይደረጋል፤ በዚያ ስም ተይዞ ይሻገራል። ይህን የሚያደርገው ልጅ ነው፤ ልጅ ከሌለ ካህን፤ ካህን ከሌለ ማኅበርተኛ።

«ካህኑን አስጠራለሁ» አለች።

«ጥሪው። ካልመጣስ?»

«በሌላው ስሙ እጠራልዎታለሁ። አንድ ብቻ ነው እንዴ ያለው?»

«እኔ ከልጅነቴ ስጠራው የኖርኩት በዚህኛው ነው። በሌላ ስም ቢጠሩልኝ የሰው ቤት በር የማንኳኳ ይመስለኛል።»

«እርስዎን የምገድልበት አንደበት የለኝም» አለች ዳንማቲ፤ ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ አለ። «አርባ ስድስት ዓመት አፌን ዘግቼ ያኖርኩት ሰው ነው! ዛሬ በገዛ አፌ ልጨርሰው?»

ራም አውታር ሊስቅ ሞክሮ ሳል ያዘው። ሳሉ ሲለቀው እንዲህ አላት፦ «ማን ያላወቀ መሰለሽ? እኔ እኮ ከበሮ መቺ ነኝ። ከሠላሳ ሰው መካከል ያንቺ ድምፅ የት እንደሚቋረጥ እሰማለሁ። እዚያች ቦታ ላይ ሁልጊዜ አንድ ምት እጨምር አልነበረም? ሰው አመታቴ መስሎት ‹የራም አውታር ምት› ይላል። ያንቺን ጎደሎ ስሞላ ነበር።»

ዳንማቲ ያንን ምት ታውቀዋለች። በእርሷ ምክንያት እንደሚመታ ግን አንድም ቀን አልጠረጠረችም። መሬት መሬት አየች።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ታፍሪ ነበር፤ መዝሙሩንም ትተዪው ነበር። እንግዲህ አሁን እጄ ደክሟል። ባዶዬን አትስደጂኝ።»

ሰኞ ዳንማቲ ስልኳን ይዛ ሰንደቁ አጠገብ ቆመች፤ የስልክ መስመር የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ካህኑ ለሌላ ለቅሶ ወደ ሳቩሳቩ ተራራውን ተሻግሯል፤ «ነገ ማታ እደርሳለሁ» አለ። ቪኔሽ ነገ ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ ወዳለበት ወደ ናንዲ ይበርራል፤ ወደ ላባሳ የምትመጣዋ ትንሿ አውሮፕላን ግን የምትነሣው ረቡዕ ነው።

«እማዬ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ። እኔ እዚሁ ሆኜ እጠራለታለሁ።»

ዳንማቲ ባሏን ደግፋ እስከ ሰንደቁ አደረሰችው። ቪኔሽ «ሲታ» ብሎ ጀመረና ልቅሶ አሸነፈው። «አባዬ፣ አባዬ» ሲል መስመሩ ተቋረጠ። ራም አውታር ስልኩን መለሰላት። «ይህ የእኔን ስም ነው የሚጠራው፤ የእርሱን አይደለም» አለና ወደ አልጋው እንድትመልሰው እጁን ሰጣት።

ከሰዓት በኋላ ሳዲቅ ሁለት ፓፓያ በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። በሽተኛው ተኝቶ ነበርና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። መቍጠሪያው ከእጁ አይለይም፤ መሪ ሲይዝ እንኳ ከማርሹ ላይ ያንጠለጥለዋል። ዳንማቲን «ባቢ» እያለ ነው የሚጠራት፤ በአገሩ የወንድም ሚስት እንዲህ ትባላለች። ጭንቀቷን ዘርዝራ ነገረችው።

ሳዲቅ፣ «የአባቴ ስም አብዱልራሒም ነበር» አለ። «ራሒም አንድ አላህ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ እንፈራና ከፊቱ ‹አብዱል›፣ ማለትም ‹ባሪያ›፣ እንጨምራለን። እናንተ ደፋሮች ናችሁ፤ ሰውየውን በቀጥታ በአምላክ ስም ትሰይሙታላችሁ። ከዚያ ደግሞ ሚስቱ አትጥራው ትላላችሁ። ታዲያ ማን ይጥራው፣ ባቢ? ፖሊስ?»

ዳንማቲ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቁም መልሶ እንባ ሆነባት።

«እኔ ልበልለት?» አለ ሳዲቅ፣ መቍጠሪያውን እየጨበጠ። «አንድ ቃል ናት። አላህ ልቤን ያያል። አርባ ዓመት እዚህ በረንዳ ላይ የካቫ ሥር ጭማቂ አብሬው ጠጥቻለሁ፤ ሁለታችን ያልተጨቃጨቅነው ነገር የለም። ለእርሱ ስል ይቅር የሚለኝ ይመስለኛል።»

ዳንማቲ ረዥም ጊዜ አሰበችበት። በሩ ተከፍቶላት ነበር፤ መግባት ብቻ ቀርቷታል። በመጨረሻ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አይሆንም፣ ወንድሜ። አንተን ከአምላክህ ጋር አላጣላህም፤ እርሱንም በተዋሰ አፍ አልሸኘውም።»

«እንግዲያው ያንቺው አፍ ቀረ» አለ ሳዲቅ፤ ተነሥቶም ልብሱን አራገፈ።

ማክሰኞ ጠዋት ሎሳሊኒ የተቀቀለ ጎደሬ ይዛ ጅረቱን ተሻገረች። በሽተኛውን አገላብጣ አጠበች፤ ሥራ ስትሠራ እንደ ልማዷ በአፏ ዝማሬ ታንጎራጕር ነበር።

«ሎሳሊኒ» አለቻት ዳንማቲ። «ባልሽ ሲሞት አጠገቡ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ምን አደረግሽ?»

«‹ኢየሱስ፣ ኢየሱስ› አልኩ። ድምፄ እስኪዘጋ አልኩ። እኛ ቤተ ክርስቲያን መቼም ታውቂናለሽ፤ ስሙን ስንጠራ ጣራው ይነሣል።»

«ረዳው?»

ሎሳሊኒ ፎጣውን ጨምቃ ገመድ ላይ ሰቀለች። «እርሱን እንጃ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሞተው። እኔን ግን ረድቶኛል፤ ቤቱ ባዶ ሲሆን የሚጠራ ስም ከአፌ አልጠፋም። እርሱ ባይሆን ኖሮ አብጄ ነበር።» ጎንበስ ብላ የራም አውታርን ግንባር ዳሰሰች። «የልጅ ልጆቼን ምሳ አብልቼ ልመለስ። ቶሎ ነው።»

ሎሳሊኒ ጅረቱን እንደ ተሻገረች የበሽተኛው ትንፋሽ ተለወጠ። ዳንማቲ የእናቷንም የአማቷንም ሞት አይታለችና አወቀችው። እየረዘመ፣ እየቆመ፣ እንደገና ከሩቅ እንደሚጐተት ያለ ትንፋሽ ነው። እኩለ ቀን ሆኗል፤ ሸንኮራው ውስጥ ቆራጮች አልነበሩም፤ መንገዱ ላይ የሰው ዘር አይታይም። ከትንሿ የናስ ማሰሮ የተቀደሰውን የጋንጅስ ወንዝ ውኃ በጣቷ አንጠበጠበችለት፤ የተባረከ የበሶብላ ቅጠልም በከንፈሩ መካከል አኖረች። ሌላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

«ሲታ» አለች። ምላሷ አርባ ስድስት ዓመት በቆመበት ቦታ ላይ ቆመ።

በዚያች ቅጽበት የራም አውታር ጣት አንሶላው ላይ ተነሥቶ አንዴ መታ። ድምፅ የለውም፤ እርሷ ግን አየችው። ጎደሎዋን ሞላላት።

«ሲታ» አለች ደግማ። ጣቱ ተነሣ፤ ዘገየ፤ መታ።

እንግዲህ ዳንማቲ ሁለቱን ነገር በአንድነት አየች። ይህን ስም ካልጠራች ባሏ በዝምታዋ ውስጥ ይሄዳል፤ ከጠራችው ደግሞ የቀረችውን አንዲት ቀን በእጇ ትቈርጣለች። ቀንስ ቀርታ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? ካህኑ ማታ፣ ልጁም ነገ ይደርሳል። አንድ ቀን ብቻ ነው። አፏን ገጥማ ብትጠብቅ፣ እስከ ዛሬ እንዳቆየችው እስከ ነገ ብታቆየውስ?

«ሲታ» አለች ሦስተኛ ጊዜ።

ጣቱ አልተነሣም።

ጠበቀች። ከቃሉ በኋላ ያለው ስፍራ ክፍት ሆኖ ቀረ። ያን የሚያህል ባዶ ስፍራ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም፤ እነዚያ ሁሉ ቤቶች፣ ያ ሁሉ የሄደ ማኅበር፣ በዚያ ስፍራ ውስጥ የገባ መሰላት። የሚሞላላት አልነበረም።

«ራም» አለች።

ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት፤ የሙሽራ ድምፅ። «ራም» አለች ደግማ፤ በዚህኛው ጮክ ብላ።

ራም አውታር ዓይኑን ገለጠ። ወደ እርሷ ነው ያየው፣ ወይስ በእርሷ ውስጥ አልፎ ወዲያ፣ ይህን ለመለየት አልቻለችም። ከንፈሩ ላይ ያለው ቅጠል ተንቀሳቀሰ፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ ጥርት ባለ ድምፅም፣

«አቤት» አለ።

በዚያ ሁሉ ዘመን «የሳሮጅ አባት» ስትለው «ወዬ» ነበር የሚላት፤ ሲከፋውም «ምን ሆንሽ ደግሞ?» «አቤት» ብሏት አያውቅም፤ ባል ለሚስቱ እንዲያ አይልም። ሰው «አቤት» የሚለው ከእርሱ የሚበልጥ ሲጠራው ነው። ዳንማቲ «ሲታ ራም፣ ሲታ ራም» እያለች ቀጠለች፤ እርሱ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሎሳሊኒ ስትመለስ ዳንማቲ ገና ትጠራ ነበር፤ የሚሰማት ግን ካለፈ ቆይቶ ነበር። ሎሳሊኒ አጠገቧ ተቀመጠች፤ አላስቆመቻትም።

ቪኔሽ ረቡዕ ደረሰ። በወንዙ ዳር የአባቱን አስከሬን የሚያቃጥለውን እሳት በገዛ እጁ ለኰሰ። ሲመለሱ እናቱን ወደ ጥግ ወስዶ፣ «እማዬ፣ ስሙ ተጠርቶለታል?» አላት።

«ተጠርቶለታል።»

«ማን ጠራለት?»

«እኔ።»

ቪኔሽ እናቱን አያት። በዚያ ቤት አድጓልና የተናገረችው ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ጎንበስ ብሎ እግሯን ነካ፤ ሌላ አልጠየቃትም።

እርሷ ግን ጥያቄ ነበራት። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን፣ የመታሰቢያው ማዕድ ሲበላ፣ ካህኑን በጓዳው በር አጠገብ ብቻውን አገኘችው።

«ስሙን ስጠራ ‹አቤት› አለኝ» አለች። «እኔ የጠራሁት አምላኩን ነበር። እርሱ ግን ሚስቱ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ የጠራችው መስሎት እንደ ሆነስ? በማን ስም ነው የተሻገረው? በአምላኩ ነው ወይስ በራሱ?»

ካህኑ ሐሰት የማይወድ ሰው ነበር። የያዘውን ጉርሻ ማዕዱ ወደ ቀረበበት ቅጠል መለሰ።

«እናቴ፣ የተማርኩት ስሙን የሰማ ሰው በስሙ እንደሚሻገር ነው። ስሙን ሰምቶ የራሴ ነው ብሎ ስለ መለሰ ሰው የተማርኩት የለም። አላውቅም።»

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

«አሁን አንደበትሽ ተፈቷል። ራስሽ ጥሪውና ጠይቂው።»

«ማንን?» አለች ዳንማቲ።

ካህኑም እጁን ታጥቦ፣ ቤቱን ባርኮ ሄደ።

ቪኔሽም ለበረራ ተነሣ። «አብረሽኝ ነይ» ቢላት፣ «ሸንኮራው ይቈረጥና እናያለን» አለችው። ሁለቱም ሸንኮራው የሚቈረጥ እንጂ የሚታይ ነገር እንደሌለ ያውቁ ነበር።

በቀጣዩ ማክሰኞ፣ ማኅበር በሚቀመጥበት ሰዓት፣ ዳንማቲ በረንዳውን ጠርጋ ሰሌን አነጠፈች። አንድ ሰሌን ይበቃት ነበር፤ እርሷ ግን ሁሉንም አነጠፈች። ከዚያም ብቻዋን ተቀምጣ «ሲታ ራም» አለች፤ ሁለቱን ቃል ሙሉ፣ ሳትሰርቅና ሳትቈርጥ። አውጪዋም ተቀባይዋም እርሷው ነበረች። ሸንኮራ የሚጐትተው ባቡር ከሜዳው ማዶ አልፎ እስኪርቅ ታገሠችና ደግማ ጠራች። በጠራች ቍጥር ዝም ትልና ጆሮዋን ትጥላለች፤ ከሁለቱ የማንን «አቤት» እንደምትጠብቅ ሳታውቅ። መሸም፤ መጥራቷን አልተወችም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የሰማይና የምድር ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅላችሁ። የሚጠራ አፍና የሚመልስ ድምፅ ከጣራችሁ ሥር አያሳጣችሁ፤ ብቻውን ለቀረውም ከመካከላችሁ የሚደርስለት ጎረቤት ያስነሣለት። አሜን።